ኮረም ላይ የምታስለው ማሞቂያ

አባቴ ከማሉዲን የሚጠግነውን ዕቃ ዝቅ ብሎ አያይም ነበር። ቆቦ ገበያ ዳር፣ በአንዲቷ ክፍላችን ደጃፍ፣ በርጩማው ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ሰው የተበላሸ ፕሪሙስ ይዞ ይመጣል። አባቴ ምድጃውን ፊቱ ያስቀምጥና ላምባውን በፓምፑ ነፋ ነፋ አድርጎ ይለኩሰዋል፤ ከዚያ ጆሮውን ወደ እሳቱ ያዘነብላል። ዓይኑ ግን ማዶ፣ ወደ ዞብል ተራራ ነው። ሌሎቹ ጠጋኞች አፍንጫቸው ምድጃው ውስጥ እስኪገባ ያጎነብሳሉ። የኔ አባት ለፕሪሙስ አያጎነብስም። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩና ኩራት መሰለኝ። ትምህርት ቤትም «የኔ አባት እኮ ሳያይ ነው የሚሠራው!» እያልኩ የክፍሌን ልጆች አደነቁራቸው ነበር።

እናቴ ራህመት ከመጋረጃው ጀርባ ናት። የእሷ ሥራ ማጠብ ነው፤ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነበር። አባቴ እሳቱን ሰምቶ «ራህመት፣ ይቺን እጠቢልኝ፣ ጉሮሮዋ ታፍኗል» ይልና ምድጃውን ያቀብላታል። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ታንኳኳለች፣ ትፍቃለች፣ ትፈታለች፣ ትገጥማለች። ስትመልሰው እጇ እስከ ክንዷ ጥቁር ነው። ምድጃው በሰማያዊ ነበልባል እያፏጨ ሲነድ ባለቤቱ «አላህ እጅህን ይባርከው፣ አያ ከማሉዲን!» ይላል፤ አባቴም «አሚን» ይላል። የአባቴ እጅ ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር። በእናቴ እጅ ግን አፍር ነበር። ትምህርት ቤት ልታደርሰኝ ስትመጣ እጄን እነጥቃት ነበር።

ሁለት የአባቴ ጠባዮች ግን አይገቡኝም ነበር። አንደኛው፣ ማንኛውንም ደንበኛ «ቤትህ ደጋ ነው ቆላ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው ደገኛ ከሆነ ወደ መጋረጃው ዞሮ «የደጋ ናት» ይላል። ደገኛን የሚንቅ መስሎኝ አዝንበት ነበር። ሁለተኛው ጨዋታችን ነው። እኔ አጠገቡ ቆሜ መንገድ መንገዱን አያለሁ፤ የማውቀው ሰው ከሩቅ ብቅ ሲል በሹክሹክታ ስሙን እነግረዋለሁ። ሰውየው ገና ሳይደርስ አባቴ «እንዴት ዋልክ በድረዲን! ላሚቱ ወለደች ወይ?» ሲለው ሰውየው ይደነቃል። አብረን ስንሄድ ደግሞ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል ያደርጋል። ከተማው ሁሉ የማን ልጅ እንደሆንኩ እንዲያይ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ እራመድ ነበር።

አባቴ አያይም ነበር። ጥላና ብርሃን ይለያል እንጂ የሰው ፊት አይለይም። ይህን ያወቅሁት በአሥር ዓመቴ፣ ደሴ አንድ ሐኪም ፊት ነው። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ?» ሲል እናቴ «ስድስት ዓመቱ» ብላ መለሰች። 

የደበቁት ለክፍሏ ሲሉ ነው። ክፍሏን የሰጠን የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር ነው፤ ደንቡ ደግሞ አባል የሆነ ሰው በገዛ እጁ ይሥራ፣ በገዛ እጁ የማይሠራ ክፍሉን ይልቀቅ ይላል። ያቺ ክፍል ሥራ ቤታችን ብቻ አልነበረችም፤ ከመጋረጃው ጀርባ የምንተኛባት ቤታችንም እሷው ነበረች።

ነገሩ የሆነው በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ያ ክፉ ድርቅ አገሩን ባራቆተበት ጊዜ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ታረቀኝ አንድ ከሰዓት በኋላ መጣ። ካኪ ኮት የለበሰ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት ብዕር የሰካ፣ መዝገብ ከብብቱ የማይለይ ሰው ነው። ቁም ነገረኛ እንጂ ክፉ አልነበረም።

«ጓድ ከማሉዲን፣ ወሬ ደርሶኛል» አለ።

«ኸይር ነው?»

«መዶሻ ከያዝክ ቆየህ ይባላል።»

አባቴ ዓይኑን ከዞብል አላነሣም። ከመጋረጃው ጀርባ የሚንኳኳው ነገር ተቋረጠ።

«እኔ በወሬ አልሠራም» አለ ታረቀኝ። «የእርዳታ ሰዎቹ አንዲት መኪና አለቻቸው፤ ማሞቂያዋ አልሠራ ብሏቸው ባለሙያ ስጡን ብለዋል። አንተን መርጫለሁ። ከሠራሃት የወሬኞቹን አፍ ትዘጋለህ። ካልሆነ የክፍሉን ቁልፍ ማኅበሩ ይረከባል። ስትሠራም ቆሜ አያለሁ።»

እኔ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። ታረቀኝ ገና ዞር ከማለቱ እናቴ ከመጋረጃው ወጣች።

«አፈር ስሆን፣ አሞኛል በለው» አለችው።

«ዛሬ አሞኛል ልበል። ነገስ?»

«ፊትህ ቆሞ እያየ እንዴት ልትሆን ነው?»

«አላህ ያውቃል፣ ራህመት።»

ቅናት ነው ብዬ ደመደምኩ። አባቴ በነጮች ፊት ሊከበር ሲል እሷ ከለከለችው ብዬ እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ ደጃችን ቆመች። የቆቦ ሰው «ቤቷ መኪና» ነበር የሚላት። አልጋ አላት፣ ዕቃ ማጠቢያ አላት፣ አበባ የነበረበት የደበዘዘ የመስኮት መጋረጃ አላት። ሾፌሩና አስተርጓሚው አራጌ «ከኔ በዕድሜ ትበልጣለች፣ አንቱ በሏት» እያለ ያስቀን ነበር። ኮረም ላይ፣ የእርዳታ መጠለያው ውስጥ፣ የወለዱ እናቶችና ቀናቸው ሳይሞላ የተወለዱ ሕፃናት የሚያርፉት በእሷ ውስጥ ነው። የኮረም ብርድ ደግሞ እንኳን ለእፍኝ የማትሞላ ሕፃን ለጎልማሳም አይመለስም። ማሞቂያዋ በላምባ የምትሠራ፣ በፓምፕ የምትነፋ፣ ጭሷን በቧንቧ ወደ ውጭ የምታስወጣ ነበረች። አባቴ በመዳፉ ከላይ እስከ ታች ዳሰሳትና ፈገግ አለ።

«ቀሚስ የለበሰች ፕሪሙስ ናት» አለ።

ለኮሳት። ያለምንም ችግር ነደደች፤ ፉጨቷ ጥርት ያለ ነው። አባቴ ጆሮውን አዘንብሎ ቆየና «ይቺ ጤነኛ ናት» አለ።

«እሱ ነው እኮ ያናደደን!» አለ አራጌ። «ኮረም ላይ ትጠፋለች፣ ጥቀርሻ ትተፋለች። ወደዚህ ስናወርዳት ትሠራለች። የድርጅቱ ሜካኒክ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ገጥሟታል፤ ሦስቴም እዚህ ሠራች፣ ሦስቴም እዚያ እምቢ አለች።»

«እዚያው ኮረም ላይ ለምን አላያትም?»

«እንዴት ብሎ? አራስ ያለችበት ቤት ወንድ ይገባል እንዴ? ሴቶቹ መኪናዋን ከበው ይቆማሉ። ስለዚህ አራሶቹን ድንኳን ውስጥ አስገብተን፣ ባዶዋን ወደ ቆቦ እናወርዳታለን።»

አባቴ ሳቀ። «በሽተኛ የሚታየው በታመመበት ቦታ ነው። ኮረም እንውጣ» አለ። ቀጥሎም «ራህመትም ትምጣ፣ ዕቃ የምታቀብለኝ እሷ ናት» አለ።

ታረቀኝ ፊቱን ቋጠረ። «ሚስትህ ምን ታደርጋለች?»

አራጌ ጣልቃ ገባ። «ኧረ ትምጣ ጓድ ታረቀኝ! ታንጉት የምትባል ሴት ሌሊቱን ወልዳለች፤ ልትነሳ አትችልም፣ እንደደረስን እዚያው ነው የምናስተኛት። ሴት ካልገባች ማን ሊገባ ነው?»

አባቴ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ያኔ አቧራው ያስቸገረው መስሎኝ ነበር።

ዋጃን አልፈን፣ አላማጣን አልፈን፣ የግራ ካሱን ዳገት ተያያዝነው። እኔ አልጋው ላይ ተቀምጬ እንደ ንግሥት መስኮቱን ከፍቼ ነበር። ዳገቱ መሐል ስንደርስ ቆላው ሁሉ ከእግራችን ሥር ተዘረጋ፤ ለአባቴ ላሳየው «አባ፣ እይ እይ!» አልኩት። «አየሁ ልጄ፣ ማሻ አላህ» አለኝ፤ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነበር። እናቴ ወዲያው መስኮቱን ዘጋችው። ደስታችንን የምታበላሽ ሴት ናት ብዬ አኮረፍኩ።

ኮረም ጉም ለብሳ፣ ካፊያ እየጣለባት ጠበቀችን። ከድንኳኖቹ ብዛት የተነሣ መሬቱ አይታይም። ስለዚያ ዘመን ረኃብ ብዙ ሰው ጽፏል፤ እኔ የማስታውሰው ዝምታውን ነው፤ ያን ያህል ሕዝብ እንደዚያ ዝም ሲል ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ታንጉትን በቃሬዛ አመጧትና አልጋው ላይ አስተኟት። ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ሸሽጋታለች። ሲስተር ብለን የምንጠራት ነጭ ነርስ የሕፃኗን እግር ነካ አድርጋ ለአራጌ አንድ ነገር ነገረችው።

«ሳይጨልም ቤቱ ካልሞቀ ሕፃኗን እንጃ ትላለች» አለ አራጌ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

እናቴ ቢስሚላህ ብላ ገባች። ወንዶቹ ውጭ ቀሩ። አባቴ ከመስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ከጎኑ ለካፊያው ላስቲክ ይዤለት ቆምኩ፤ ታረቀኝ መዝገቡን ኮቱ ውስጥ ከትቶ ከኋላችን ቆመ።

«ለኩሻት» አለ አባቴ።

ማሞቂያዋ ለጥቂት ጊዜ አፏጨች። ከዚያ ማሳል ጀመረች፤ እውነተኛ ሳል ነው። ከጭስ መውጫው ጥቁር ነገር ቱፍ ቱፍ አለ።

«አጥፊያት! መስኮቱን ክፈቺ።»

ተራ በተራ ጀመሩት። አባቴ መዳፉን በጭስ መውጫው አፍ ላይ አድርጎ ትኩሳቱ መምጣቱን ለየ፤ ቧንቧው አልተደፈነም። እናቴ ጥቂት ላምባ በኩባያ አቀበለችው፤ በጣቶቹ አሸት አሸት አድርጎ አሸተተው፤ ውኃ አልገባበትም። «የፓምፑ ቆዳስ?» አላት። «ደህና ነው፣ ግፊት ይዟል» አለችው። እንደገና ለኮሰቻት። እንደገና አሳለች።

«እሳቷ ምን መልክ አላት?» አለ አባቴ።

«ቢጫ ነው። ጫፉ ይጨሳል።»

ለምን እንደጠየቃት ገረመኝ፤ ቀና ቢል በመስኮቱ ይታየው የለ? ታረቀኝም አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ላምባው በዝቶባታል» አለ አባቴ። «ትንፋሽ አጥሯታል።»

 ከዚያ እናቴ አንገቷን በመስኮቱ አወጣች። «ከማል፣ እቺኮ የደጋ ናት! እንደ ደገኞቹ ምድጃ የላምባ ዓይኗን ላጥብብባት?»

አባቴ እንደ ሁልጊዜው «እጠቢልኝ» ሊል ይችል ነበር። ታረቀኝ ከኋላው ቆሟል፤ ክፍሏ በአንድ ቃል ላይ ናት።

«አንቺ ታውቂያለሽ» አላት።

ዛሬ ለልጆቼ ስነግራቸው እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። ቆቦ ላይ ልክ የሆነች የላምባ ቀዳዳ ኮረም ላይ ከልክ በላይ ታፈስሳለች፤ እሳቱ በላምባ ይሰጥማል። እናቴና አባቴ ይህን ከመጽሐፍ አላገኙትም። ጠግነውላቸው የሄዱ ደገኞች በሚቀጥለው ገበያ የሚጨስ ምድጃቸውን ተሸክመው እየተመለሱ፣ እየተራገሙ፣ እያለቃቀሱ ያስተማሯቸው ነው። አባቴ ደገኛን አይንቅም ነበር። ለደገኛ ጠባብ ቀዳዳ እንድትሠራ ለእናቴ መንገሩ ነበር። የድርጅቱ ሜካኒክ ሙያው አላነሰውም፤ ማሞቂያዋን ስትነድ ያያት ግን ቆቦ ላይ ብቻ ነው።

እናቴ የማሞቂያዋን ዓይን ፈታች፤ ከሽንብራ የማትበልጥ የነሐስ ብሎን ናት። ውስጥ ጨለማ ስለነበር ለብርሃኑ ብላ የመኪናዋ ደረጃ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ መጋረጃ ስትሠራ አየኋት። ብሎኗን ድንጋይ ላይ አድርጋ፣ በትንሿ መዶሻ የቀዳዳውን ዙሪያ ነካ፣ ነካ፣ ነካ እያደረገች ደፈነችው። ከዚያ ከብስክሌት ፍሬን ካቦ የመዘዘቻትን አንዲት ቀጭን ሽቦ በጣቶቿ መሐል እያሾረች መልሳ ከፈተችው። ታረቀኝ አፉን ከፍቶ ያያታል። እኔም አየኋት፤ እያየሁ «አሁን ደግሞ እዚህ መጥታ ታጥባለች» እል ነበር።

ገብታ ገጠመችው። ለኮሰች። አላሳለችም፣ ግን ድምፁ ሰለለ።

«ጠበበባት» አለ አባቴ።

«ሰማሁ፣ ሰማሁ» አለች እናቴ ተናዳ። ተመልሳ ወጣች። ሽቦዋን እንደገና አስገብታ አንድ ዙር አሾረች፤ አንድ ዙር ብቻ። ሲስተር ሰዓቷን አየች። ጉሙ እየወረደ ነበር።

ሦስተኛው ፉጨት ጥርት ብሎ ወጣ። አባቴ ላስቲኩን በእጁ ገፍቶ ራሱን አዘነበለ። ጠበቅን። አላሳለችም። ላምባው እየነደደ፣ ቆርቆሮው እየጋለ ጠቅ ጠቅ ሲል ከውጭ ይሰማል። ከጭስ መውጫው የሚወጣው አየር ብቻ ሆነ።

«ሰማያዊ ነው!» አለች እናቴ ከውስጥ። ቀጥላ የታንጉት ድምፅ መጣ፤ «እግሯ ሞቀ፣ እግሯ ሞቀልኝ! ዕድሜ ይስጥሽ እህቴ!»

ሲስተር ወጥታ የአባቴን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችው። ታረቀኝ የተጨባበጠውን እጅ አየ። ከዚያ ደረጃው ላይ የወጣችውን እናቴን አየ፤ እስከ ክንዷ ጥቁር ናት፣ ግንባሯም ላይ ጥቀርሻ አለ።

«ጓድ ከማሉዲን፣ እጅህ ንጹሕ ነው» አለ።

«ነው» አለ አባቴ።

እኔ ኮራሁ። ያን ያህል ሠርቶ አለመቆሸሹን ሊቀ መንበሩም አስተዋለለት አልኩ። ታረቀኝ ከኪሱ አንዱን ብዕር አውጥቶ በአባቴ ዓይን ፊት ቀስ አድርጎ ወዲያና ወዲህ አሳለፈው። ዝንብ የሚያባርርለት መሰለኝ፤ በዚያ ብርድ ዝንብ ከየት እንደመጣ ግን አላሰብኩም። የአባቴ ዓይን ጉሙ ላይ እንዳለ ነበር።

ታረቀኝ መዝገቡን ከፈተ። «ማን ሠራው ብዬ ልጻፍ?»

እናቴ «ከማል…» አለች፤ ልመና ነበር። ዝም ካለ ክፍሏ የእኛ ናት፤ ሥራው ተሠርቷል፣ ሕፃኗ ሞቃለች፣ የሠራውም ከማሉዲን ነው ቢባል የሚከስስ የለም።

«የእሷን ስም ጻፍ» አለ አባቴ።

«ማኅበራችን ሴት አባል የላትም እኮ።»

«ነበረቻችሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ነበረቻችሁ። የደበቅኋት እኔ ነኝ።»

አራጌ ለሲስተር መተርጎሙን አቆመ። ካፊያው መዝገቡ ላይ እየወረደ ታረቀኝ ቆመ። ደንቡን ያሰበ ይመስለኛል፤ ሰውየው ደንብ ይወድ ነበር። ደንቡ በገዛ እጁ የሚሠራ ይላል እንጂ ወንድ አይልም። ገጹን ገለጠና እስከዚያች ደቂቃ አንድ ቃል ያልተናገራትን እናቴን ቀና ብሎ አየ።

«የአባትዎ ስም?» አላት።

እናቴ ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው ፈለገች። «የማን?»

«የእርስዎ።»

«ታሂር» አለች። ድምፏ አልወጣም። ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደገና፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረችው፤ «ራህመት ታሂር!»

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ሲስተር የበረደኝ መስሏት ብርድ ልብስ አለበሰችኝ። የበረደኝ አልነበረም። አባቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዋሽ ሰምቼ ነው። ያን የመሰለ ጥበቡን፣ ያን ሁሉ ክብሩን፣ ምድጃ ለምታጥብ ሴት አሳልፎ ሲሰጥ አይቼ ነው።

በድርጅቱ ጭነት መኪና ቁልቁል ስንመለስ ጭኑ ላይ ተቀምጬ ነበር። አላማጣ እስክንደርስ ቻልኩት። ከዚያ ጆሮው ሥር ገብቼ «አባ፣ ለምን ዋሸህ?» አልኩት።

እናቴ እንዳትሰማ ቀስ ብዬ ነበር፤ ግን ሰምታለች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አባቴ በጣም ሳቀ። ስቆ ስቆ ዓይኑን ጠረገ።

«መዋሸቱን ዛሬ እኮ ተውኩት፣ ሰይዳ» አለኝ።

አልገባኝም። እናቴን ሳምንት ሙሉ አላናገርኳትም፤ እሷም የማኩረፌን ምክንያት እያወቀች አንድ ቀን አልተቆጣችኝም። ክፍሏ የራህመት ታሂር ተብላ ጸናች፤ ያደግሁባት፣ ተምሬ የወጣሁባት ቤት እሷ ናት። ያ መዝገብ መንግሥት ሲለወጥ ከብዙ ወረቀት ጋር የት እንደገባ አይታወቅም። እኔ ግን ስሟ ሲጻፍ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ያን ቀን ስለ አባቴ አፍሬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ወዲህ በኖርኩበት ዕድሜ ሁሉ ግን በዚያን ቀኑ አባቴ የኮራሁትን ያህል በማንም ኮርቼ አላውቅም።